ኦቲሊያ ወደ ኮርቻዋ ስትመለስ

በሳንታ ኤዱቪሄስ ከተማ የኦቲሊያን ድምፅ የማያውቅ አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓት ልጃገረዶቹ በፈረስ ሜዳው ላይ ሲለማመዱ፣ እሷ ከአጥሩ ጥግ ከብረት በተበየደ ሰፊ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጮህላቸዋለች፤ ጩኸቷም ቁልቋል መሰሉን የአጋቬ ማሳ አቋርጦ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሰማ ነበር። ወንበሩን ያስበየደላት ባሏ ኤቫሪስቶ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የፕላስቲክ ወንበር አንድ ቀን በልጆቹ ፊት ከሥሯ ተሰንጥቆ መሬት ላይ ዘርሯታል። ያን ቀን ከሁሉ ቀድማ የሳቀችው እሷው ናት። ሰው ሊስቅባት ሲል ቀድሞ መሳቅን ከተማረች ቆይታለች።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። በሃያ ዓመቷ የርግቦች መሪ ነበረች። ርግቦች የሚባሉት የከተማዋ ስምንት ሴት ፈረሰኞች ናቸው፤ ሰፊ ቀሚስ ለብሰው፣ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው፣ ሁለቱንም እግር በአንድ ወገን በሚያስቀምጥ የጎን ኮርቻ ተቀምጠው፣ ፈረሶቻቸውን ሽምጥ እያስጋለቡ እንደ ሸማኔ ክር እርስ በርስ ይተላለፋሉ። አንዷ ለአፍታ ከዘገየች ፈረስ ከፈረስ ይላተማል። ኦቲሊያ ዘግይታ አታውቅም። ከሜዳው ጫፍ በሽምጥ መጥታ ልጓሙን ስትይዝ፣ ፈረሷ በኋላ እግሩ ቀዩን አፈር እያረሰ ተንሸራቶ ቀጥ ሲል፣ ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ያነሱላት ነበር።

ከዚያ አገባች፤ ናዬሊን ወለደች። ከናዬሊ ቀጥሎ ያረገዘችው ግን ሳይወለድ ቀረ። ስለዚያ ልጅ ለማንም አውርታ አታውቅም፤ ሆድ ሲብሳት ወደ ማድቤት ትገባ ነበር እንጂ። ውፍረቱ እንደ እንግዳ መጣ፤ ቆይቶ እንደ ባለቤት ተቀመጠ። ስኳር መጣ፣ ደም ግፊት መጣ፣ ጉልበቷ ደረጃ መውጣት እምቢ አላት፣ ስትተኛ ትንፋሿ እየተቆራረጠ አፍንጫዋ ላይ በሚገጠም ማሽን መተኛት ጀመረች። ዝም ብላ ግን አልተቀመጠችም። ሾርባ ብቻ የጠጣችበት ጊዜ አለ፤ የበቆሎ ቂጣውን፣ ቶርቲያን፣ እርም ያለችበት ጊዜ አለ። ኪሎው ይወርድና፣ ቂም እንደያዘ ሰው ወዳጆቹን አስከትሎ ይመለሳል።

አንድ ዓመት የቅድስት ኤዱቪሄስ በዓል ሲደርስ የፈረሰኞቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ዶን ኒካኖር ቤቷ ድረስ መጣ። በዓሉን የሚከፍተውን ሰልፍ የድሮዋ መሪ በፈረስ ትምራልን አለ። ኦቲሊያ እምቢ ማለት ነበረባት። ግን መሪ ብሎ የጠራት ሰው ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ልቧ ቀድሟት እሺ አለች። የልጇን ዳማ ባዝራ ጊንዳን አመጡላት። በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ቆማ፣ አራት ወንዶች ደግፈዋት ኮርቻው ላይ ተቀመጠች። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ሜዳው እጇን እያውለበለበች ሄደች። ሕዝቡም አጨበጨበላት።

በማግስቱ ጠዋት ለባዝራዋ ፖም ይዛ ወደ ጋጣው ወረደች። ናዬሊ ቀድማት እዚያ ነበረች። ልጅቷ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ የጊንዳን ጀርባ በቅባት ታብሳለች። ከጋማው ሥር፣ ኮርቻው ባረፈበት በሁለቱም በኩል ቆዳው ተልጦ አብጧል። ባዝራዋ ገጥባለች።

ናዬሊ ዘወር ብላ እናቷን አየችና ጨርቁን ከኋላዋ ደበቀች። "ግላሱ ነው እማዬ። ሳይስተካከል ነው የተጫነው።"

"ግላሱን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ" አለች ኦቲሊያ።

ኦቲሊያ ፖሙን ለባዝራዋ ሰጠቻት፤ ባዝራዋም ያለ ቂም በላች። ሰው ቢሆን ኖሮ ኦቲሊያ አንድ ቀልድ ጣል አድርጋ ታልፈው ነበር። ከዚህች እንስሳ ፊት ግን የሚጣል ቀልድ አጣች። ያን ሁሉ መንገድ ሳትነጫነጭ፣ ሳትሰናከል፣ ቆዳዋ እየተላጠ ተሸክማታለች። ይህ አንጀቷን በላው።

ከጋጣው በቀጥታ አበልጇ አምፓሮ ዘንድ ሄደች። አምፓሮ የናዬሊ የክርስትና እናት ናት፤ የፈረሰኞቹን ቀሚስ ሁሉ የምትሰፋ፣ እንደ ሸምበቆ የቀጠነች፣ ምላሷ ከመቀሷ የማይተናነስ ሴት።

"አበልጄ፣ የአክስትሽን ልጅ ያከመቻት የጓዳላሃራዋ ዶክተር ማን ነበረች?"

አምፓሮ ከንፈሯ ላይ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አወጣች። "ጨጓራ የምትቆርጠው?"

"እሷ።"

"ተመስገን። እኔ እኮ ዝም የምለው እንዳይከፋሽ ብዬ ነው። ቀሚስሽን የማሰፋበት ጨርቅ ካለቀብኝ ቆየ።"

ኦቲሊያ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ተቀየረ፤ አምፓሮም ስፒሎቹን ወደ ጎን አድርጋ አቀፈቻት።

ዶክተር ባራጋን አጭር፣ ቀልጣፋ፣ ነገር የማታለባብስ ሴት ነበረች። በወረቀት ላይ ጨጓራ ሣለችና አብዛኛውን በእስክሪብቶ አጠቆረችው። "ይሄን ቆርጬ አወጣዋለሁ። የሚቀርሽ እንደ ሙዝ የቀጠነ ነው። ከቆረጥኩ በኋላ መልሼ አልቀጥለውም፤ ስለዚህ አስቢበት። ለምን ፈለግሽው?"

"ፈረስ መጋለብ እፈልጋለሁ።"

ዶክተሯ ቀና ብላ አየቻት። "ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለጤናዬ ነው የሚለኝ።"

"ለጤናዬም ነው። ግን እውነቱን ከጠየቅሽኝ ለፈረሱ ነው።"

"ፈረሱ ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሴት ናት። ዘጠኝ።"

"እንግዲያው ጊዜ አለን" አለች ዶክተር ባራጋን፤ ሳትስቅ።

ጊዜው ግን በዋዛ አልሄደም። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለስላሳ መጠጥ መተው ነበረባት፤ ቀስ ብሎ ማኘክ መልመድ ነበረባት፤ ከአንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መነጋገርም ግዴታ ነበር። ባለሙያዋ በሁለተኛው ቀን "መብላት የሚያጽናናሽ ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብላ ስትጠይቃት፣ ኦቲሊያ ስለ ምግብ ልታወራ አፏን ከፈተችና ሳይወለድ ስለቀረው ልጅ አወራች። ስም አውጥታለት እንደነበር ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። ስትወጣ ግን ወደ ዳቦ ቤቱ አልሄደችም፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ከዚያ ወደ ቤቷ ገባች።

ቤት ውስጥ ያለው ነገር ከሁሉ ከበደ። ኤቫሪስቶ ላሞች የሚያልብ፣ ቁመተ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ስትነግረው ማንኪያውን አስቀመጠና "አይሆንም" አለ።

"ለምን?"

"ሮሳልባን በእግሯ ነው ያስገባናት። ቀላል ነው አሉን።" ሮሳልባ ታላቅ እህቱ ነበረች፤ ከኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ አልተነሳችም። "በሳንቃ ነው ያመጣናት። እኔ ነኝ የተሸከምኳት።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ለምን ትጠይቂኛለሽ? እኔ እንደዚሁ እወድሻለሁ።"

"እሱንም አውቃለሁ፤ ኤቫሪስቶ። መውደድህ ግን ከወንበር አላስነሳኝም። ስኳሩ ዓይኔን ጀምሮታል ብለውኛል። ልጄን በጭላንጭል እያየሁ መዳር አልፈልግም።"

እሱ ተነስቶ ወደ ላሞቹ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ከረመ። እናቱ ዶኛ ኬታ ግን ዝም የምትል አልነበረችም። "እግዜር የሰጠሽን ሥጋ በቢላ? እኔ ልጆቼን ሁሉ ወፍራም አድርጌ ነው ያሳደግኳቸው፤ የከሳ ሰው ቤት ውስጥ ችግር አለ ማለት ነው። ሰው ምን ይላል?" ሰው ምን እንደሚል ኦቲሊያም ፈርታ ስለነበር ተስማሙ፤ ለከተማው የሐሞት ጠጠር ልታስወጣ ነው ተባለ።

የቀጠሮው ቀን ኦቲሊያና አምፓሮ በማለዳ አውቶቡስ ወደ ትልቁ ከተማ ወደ ጓዳላሃራ ሄዱ። ኤቫሪስቶ ሲወጡ ቤት አልነበረም። አምፓሮ መንገዱን ሙሉ የባጥ የቆጡን እየቀባጠረች አሳቀቻት። ሆስፒታሉ በር አጠገብ የማለቢያ ቦቲውን እንዳጠለቀ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ የያዘ ረጅም ሰው ቆሟል። በወተት መኪናው ቀድሟቸው መጥቷል።

"ላሞቹስ?" አለች ኦቲሊያ።

"ናዬሊ አለች።" ባርኔጣውን አዟዟረው። "ስትነቂ የምታውቂው ሰው ፊት ይኑር ብዬ ነው። እሷ ደግሞ" አለና አምፓሮን በአገጩ ጠቆመ፣ "ነቅተሽ ስታያት መነኩሲት መጥታ ተዝካርሽን የምታወጣ ይመስልሻል።"

"አፍህን አሁን ፈታኸው?" አለች አምፓሮ። ሦስቱም እየሳቁ ገቡ።

ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ። በአምስት ትናንሽ ቀዳዳ ገብተው ጨረሱት። ስትነቃ አፏ እንደ ምድጃ ደርቆ፣ ሆዷ በውስጥ የተደበደበ መስሎ፣ ኤቫሪስቶ ከአልጋው ራስጌ ቁጭ ብሎ እንቅልፍ ጥሎት አገኘችው። አልቀሰቀሰችውም። በሁለተኛው ቀን ኮሪደሩ ላይ እንድትራመድ ሲያስነሷት በአንድ ወገን ነርሷ፣ በሌላው ወገን እሱ ያዟት፤ ቦቲው በሚያብለጨልጨው ወለል ላይ ሲንሿሿ ነርሷ እየደጋገመች ወደ እግሩ ትመለከት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወራት የሐሞት ጠጠር ያወጣ ሰው አያውቀውም። መጀመሪያ ውሃን በማንኪያ ጫፍ፤ ቀጥሎ የተጣራ የዶሮ መረቅ፤ ቀጥሎ ልጅ ጡት ሲጥል የሚበላውን ዓይነት የላመ ምግብ። ዶኛ ኬታ እሁድ እሁድ ቢሪያ የሚባለውን በበርበሬ የሚሠራ የፍየል ወጥ በትልቅ ድስት ሠርታ ሽታውን ቤት ውስጥ ትለቀዋለች። "ትንሽ ቅመሺ፤ ማንም አያይም" ትላታለች። ኦቲሊያ ጎረሰች አልጎረሰች የምታየው ዶኛ ኬታ ራሷ ናት እንጂ ሌላ ማን ይያት? በሦስተኛው ወር ፀጉሯ መርገፍ ጀመረ፤ ስታበጥር እፍኝ ሙሉ በእጇ ይመጣል። እንደሚያልፍ ዶክተሯ ቀድማ ነግራት ነበር። የተነገረ ነገርም ቢሆን ሲደርስ ያስደነግጣል።

የአምፓሮ የልጅ ልጅ ክርስትና ዕለት ደግሞ ጉድ ሆነ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፣ ጥሩምባ ነፊዎቹ ይነፋሉ፣ አንዷ አክስት በወተት የራሰውን ኬክ ቆርሳ አመጣችላት። "አልጣፈጠሽም? ምን አደረግንሽ?" እያለች ከፊቷ አልነሳም አለች። ኦቲሊያ ሰው ላለማስቀየም ሁለት ማንኪያ ዋጠች። ወዲያው ላብ አጠመቃት፤ ልቧ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር፤ የተቆረጠ ጨጓራ ስኳር ሲገባበት እንዲህ ያደርጋል። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወጥታ የወተት መኪናው ውስጥ ገባችና በሩን ዘጋች። ሙዚቃውን እየሰማች ምን ነካኝ፣ ምን አቀበጠኝ ብላ አለቀሰች። ከሰው ጋር አብሮ መብላት ቀረባት፤ ፀጉሯ ቀረባት፤ በምትኩ ምን እንዳገኘች ያን ሰዓት አልታያትም።

ኤቫሪስቶ ሰሃኑን እንደያዘ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ምግቡን ሳይነካ ሰሃኑን በመስኮቱ በኩል መኪናው ጣሪያ ላይ አስቀመጠ።

"ብላ እንጂ።"

"ጠግቤያለሁ።"

"ሆድህ ሲጮህ ይሰማኛል።"

"የእኔ አይደለም፤ ጥሩምባው ነው።"

ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ እሱ "ነገ ላሞቹን ካለብኩ በኋላ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ። እስከ ውሃ ማጠራቀሚያው። ብቻሽን ስትሆኚ የምታዝኚ ይመስለኛል" አለ። ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በአጋቬው ማሳ መሀል በቀዩ መንገድ አብረው መሄድ ያዙ። መጀመሪያ እሱ እየቆመ ይጠብቃታል። ክረምቱ ሲገባ ጎን ለጎን ሆኑ። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ "ቀስ በይ፤ እኔ እኮ ኦፕራሲዮን አልሆንኩም" የሚለው እሱ ሆነ።

በዚያ ወቅት ለስኳሩ የምትወጋውን ኢንሱሊን አስቆሟት። የመተንፈሻ ማሽኑ ወደ ሳጥኑ ገባ። አንድ ቀን ጫማዋን ጎንበስ ብላ ስታስር ናዬሊ በሩ ላይ ቆማ ስታያት ያዘቻት። "ምን ታያለሽ?" አለቻት። "ምንም" አለች ልጅቷ፤ "ጫማሽን ስታስሪ አይቼሽ አላውቅም።"

ምስጢሩ የወጣው በዶኛ ኬታ አፍ ነው። ሥጋ ቤት ተራ ስትጠብቅ አንዲት ጎረቤት "ምራትሽ አንዳች ክፉ በሽታ ይዟት ይሆን፣ እንዲህ የመነመነችው?" ብትላት፣ ዶኛ ኬታ በቤቷ በሽታ አለ ከሚባል ጨጓራ ተቆረጠ ቢባል ይሻላል ብላ ሁሉንም ዘረገፈችው። በቅዳሜው ልምምድ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ኦቲሊያ ከአጥሩ ሥር ቆማ ልጃገረዶቹን ስታርም፣ ዶን ኒካኖር ከጓደኞቹ ጋር መጣ። ሆዱ ከቀበቶው የብር ዘለበት በላይ ሙሉ ጨረቃ መስሎ የተንጠለጠለ ሰው ነው።

"ኦቲሊያ" አለ፤ ሰው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "እኛ እኮ በጥረትሽ የከሳሽ መስሎን ባርኔጣችንን ልናነሳልሽ ነበር። ለካ በቢላ ነው። በቢላማ ማን ያቅተዋል?"

ወንዶቹ ሳቁ። ወትሮ ቢሆን ቀድማ የምትስቀው እሷ ነበረች። ያን ቀን አልሳቀችም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና ልጃገረዶቹን በሚያስተካክለው ድምፅ ተናገረች።

"ዶን ኒካኖር፣ እርስዎ የፈረስ ሰው ነዎት። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። ቢላው አደረሰኝ፤ የተዋጋሁት እኔ ነኝ። ውሃ በማንኪያ ስጠጣ እርስዎ አልነበሩም። ፀጉሬ ሲረግፍ አልነበሩም። የእናንተ ድግስ ላይ ሦስት ጉርሻ በልቼ ስትበሉ ሳያችሁ ስውል፣ ያ ጥረት ካልሆነ እርስዎ አንድ እሁድ ይሞክሩት። አዎ፣ ጨጓራዬን አስቆርጫለሁ። የሐሞት ጠጠር ብዬ የዋሸሁት አፍሬ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን አላፍርም። ቢላ ማንንም የማያቅተው ከሆነ ደግሞ የዶክተሯን ስልክ እሰጥዎታለሁ፤ ቀበቶዎ እያሳዘነኝ ነው።"

አሁን የሳቁት በዶን ኒካኖር ነው። እሱም ትንሽ ቆይቶ ሳቀ፤ ምን ያድርግ? አምፓሮ ከአጥሩ ላይ ሆና "ሐሞቷን አወጡላት ብለን ነበር። ይኸው፣ ሐሞቷ እንዳለ ነው" አለች። ያ አባባል እስከ ማታ ድረስ ከተማውን ዞረ።

በጥር ወር ዶክተሯ መጋለብ ትችያለሽ አለቻት። ጊንዳን ጭነው ሲያመጡላት ግን ኦቲሊያ አጠገቧ ቆማ ቀረች። መስተዋት የሚያሳያት ሴት ከስታለች፤ ራሷ ውስጥ ያለችው ሴት ግን ገና አልከሳችም። ያችኛዋ በወንበር ላይ ስትቀመጥ አሁንም ስንጥቅ የሚል ድምፅ ትጠብቃለች። "ተይው፤ ሌላ ቀን" አለች። ናዬሊ ልጓሙን አልለቀቀችም። "እማዬ፣ ጊንዳ እኔንም ኮርቻውንም አያቴ የላከችውን የአይብ ከረጢትም ትሸከማለች። አንቺ አሁን ከዚያ ብዙ አትበልጪም። ውጪ።"

ግራ እግሯን እርካብ ውስጥ አስገባች። ማንም ሳይደግፋት ወጣች። ባዝራዋ አንዴ ጆሮዋን ወደ ኋላ አዙራ መለሰችው፤ ሌላ ምንም አላደረገችም። በሶምሶማ ሜዳውን አንዴ ዞሩ። ኦቲሊያ ስትወርድ ኮርቻውንና ግላሱን አንስታ የባዝራዋን ጀርባ በመዳፏ ዳበሰች፤ ልጇንም "አንቺም ዳብሺ" አለቻት። ቆዳው ለስላሳና ላብ ያረጠበው ነበር፤ ሌላ ነገር የለውም።

ከልጃገረዶቹ ጋር አልገባችም። የድሮ ርግቦችን ፈለገች። አንዷ ፋርማሲ ከፍታለች፣ አንዷ አያት ሆናለች፣ አንዷ "እኔ አሁን የምጋልበው ሞተር ሳይክል ነው" አለች። አምስቱ መጡ፤ ሌሎች ሁለት እናቶች ተጨመሩ፤ ከእሷ ጋር ስምንት ሞሉ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያሳፍሩ ነበሩ። ዘግይታ የማታውቀው ኦቲሊያ ሁለት ጊዜ ዘገየች፤ አንድ ጊዜ የፋርማሲዋ ሴትዮ ፈረስ ከጎን ገጭቷት ባርኔጣዋ በረረ። ልጃገረዶቹ አጥሩ ላይ ተደርድረው፣ እሷ ለዓመታት ስትጮህባቸው የኖረችውን ሁሉ መለሱላት። "ዶኛ ኦቲሊያ፣ ወደ ፊት እዪ፤ መሬቱ የትም አይሄድም።" እሷም ወደ ፊት አየች።

ሰውነቷም ሁሉ እንደ ሃያ ዓመቷ አልሆነም። ሆዷና ጭኗ ላይ ትርፍ ቆዳ ተንጠልጥሏል። ለበዓሉ የሚሆነውን ቀሚስ ስትለካ አምፓሮ ይህን አይታ፣ ከውስጥ ጠበቅ ያለ መቀነት ሰፋችበት። "እዚህ ጋ ይይዝሻል። ዞሮ ዞሮ ኮርቻ ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ፤ ቆዳሽ ተከትሎ ይምጣ።"

የቅድስት ኤዱቪሄስ በዓል ደረሰ። የመቀመጫ ደረጃዎቹ ሞልተዋል፤ በቡድኖቹ ውድድር የእናቶቹ ቡድን ተራ ሲደርስ አስተዋዋቂው ስማቸውን በድምፅ ማጉያው ጠራ። ስምንቱ በሁለት ረድፍ ገቡ። ኦቲሊያ ፊት ናት። ሙዚቃው ሲጀምር ሁለቱ ረድፎች ተለያዩ፣ ዞሩ፣ በሽምጥ ወደ መሀል መጥተው ተላለፉ፤ ቀሚስ ከቀሚስ ሊነካካ አንድ መዳፍ ሲቀር። የአያቲቱ ፈረስ አንድ ቦታ ላይ ፈንገጥ ብሎ ረድፉን አበላሸ፤ ኦቲሊያ ሳትዞር "ግቢ፣ ግቢ፣ ቦታ አለሽ" ብላ ጮኸች፣ ገባችም። መጨረሻ ላይ መሪዋ ብቻዋን ከሜዳው ጫፍ ትመጣለች። ኦቲሊያ ተረከዟን ነካ አደረገች፤ ጊንዳ ተወነጨፈች። ንፋሱ የባርኔጣዋን ክንፍ ወደ ኋላ ገፋው፤ ደረጃዎቹ አንድ ቀለም ሆነው አለፉ። ስለ ክብደቷ አላሰበችም። ስለ ምንም አላሰበችም። ልጓሙን ያዘች፤ ባዝራዋ በኋላ እግሯ ተቀምጣ፣ አፈሩን እየሰነጠቀች ተንሸራታ ከዳኞቹ ፊት ቆመች። አቧራው ሲገፈፍ ኦቲሊያ ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች ነበር።

ከአራት ቡድን ሦስተኛ ወጡ። አራተኛ የወጣው ቡድን ሁለት ፈረሰኛ የጎደለበት ነው ብላ አምፓሮ ለሁሉም ተናገረች፤ ኦቲሊያ ግን ሦስተኛነቱን ዋንጫ እንደተሸለመ ሰው ተቀበለችው። ዶን ኒካኖር ወደ ባዝራዋ ቀርቦ አንገቷን መታ መታ አደረገ። "አቋቋሙ ጥሩ ነው" አለ፤ ወደ ኦቲሊያ ሳያይ። ከዚያ ባርኔጣውን አነሳላት።

ኤቫሪስቶ ከደረጃው ሊወርድ ሲሞክር እናቱ ክንዱን ይዛው ነበር። ዶኛ ኬታ ከጎኗ ለተቀመጠች፣ ከሌላ ከተማ ለመጣች የማታውቃት ሴት፣ ከላይ ያለውም ከታች ያለውም እንዲሰማ አድርጋ ትናገራለች። "ያቺ ፊት የምትመራው ምራቴ ናት። ጨጓራዋን አስቆርጣ ነው፤ ጓዳላሃራ። ስኳር ነበረባት፣ አሁን የለባትም። በአምስት ቀዳዳ ነው የገቡት። እኔ ራሴ ነኝ ያስታመምኳት።"

"እውነት?" አለች ሴትዮዋ።

"እሁድ እሁድ መረቅ እየሠራሁ" አለች ዶኛ ኬታ። ኤቫሪስቶ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

ኦቲሊያ ከሜዳው ስትወጣ ሊያወርዳት እጁን ዘረጋላት። እሷ ግን ገና አልወርድም አለች፤ ጊንዳ ሞቋታል፣ ላቧ እስኪደርቅ በእርምጃ ማዞር ያስፈልጋል። እሱም ልጓሙን ሳይነካ ከጎኗ እየሄደ፣ ሁለቱም ስለ ላሞቹ እያወሩ፣ ጋጣዎቹን ዞረው ወደ ኋላኛው መንገድ ታጠፉ።